አዞው ማን ዘንድ አደረ

አቶ ወርቅአየሁ እሑድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለች ጠባብ ክፍላቸው፣ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ከእግራቸው ሥር የነበረው የከሰል ምድጃ ገና አልበረደም፤ መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ያገኘቻቸው አብራቸው የምትኖረው የእኅታቸው ልጅ ቀጸላ ናት። ከሰሉንም ያቀጣጠለችው እሷ ስለነበረች ሰኞ ጠዋት ጣቢያ ገባች። አዛዡ ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ሊያቀርባት ቆርጧል።

ነገሩ ለኢንስፔክተር ሩሃማ አልዋጥላት አለ። ዘጠኝ ዓመት ፕራግ ተቀምጣ ወንጀል ምርመራ ተምራለች፤ እዚህ ግን የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሁለት ሳምንት ይፈጃል ተባለች፣ የጣት አሻራ የሚያነሳውም ባለሙያ ፈቃድ ላይ ነው። አዛዡ «ከሰሉን ማን ለኮሰ? እሷ። እዚህ ፕራግ አይደለም» ብሎ ፋይሉን አጠፈ። ሩሃማ ተናደደች፤ ይበልጥ ያናደዳት ግን ምናልባት እውነቱን ይሆናል ብላ መጠርጠሯ ነው።

ቀጸላ ለቅሷዋን ገታ አድርጋ አንድ ነገር ብቻ ደጋገመች። «ጋሼ መስኮቱን በመዳፍ ስፋት ሳይከፍቱ አይቀመጡም። ሚንስክ ሲማሩ ያከራዩዋቸው አሮጊት በበረዶም ቢሆን ይከፍቱ ነበር አሉ፤ ከዚያ የመጣ አመል ነው። በስምንት ሰዓት ሲ.ኤም.ሲ ለቅሶ ልደርስ ስወጣ ክፍት ነበር።»

ሩሃማ የሟቹን ክፍል ፈተሸች። ጠረጴዛው ላይ ሽፋኑ «ኤስፔራንቶና ቤላሩስኛ፦ ንጽጽር» የሚል ወፍራም ደብተር አለ። በግራው ገጽ ኤስፔራንቶ፦ አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የፈጠረው፣ አሥራ ስድስት ሕግ ያለው፣ አገር የሌለው ቋንቋ። በቀኙ ቤላሩስኛ፦ አገር ያለው፤ ነገር ግን አቶ ወርቅአየሁ በገዛ ከተማው በሚንስክ በቤላሩስኛ ሲጠይቁ ሰው በሩሲያኛ ይመልስላቸው የነበረ ቋንቋ። የመጨረሻው ገጽ ተቀዷል። ከደብተሩ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ሟቹ ወንበር ያዞረ፣ አውራ ጣት የሚያህል የእንጨት አዞ ቆሟል። ቀጸላ አዞውን አይታው አታውቅም፤ ከመውጣቷ በፊት ጠረጴዛውን ስትወለውል አልነበረም።

በዚህ ጉዳይ ሰው ይገደላል? ሩሃማ ደብተሩን በብስጭት ዘጋችው።

ሟቹ የኤስፔራንቶ ክበብ አባል ነበሩ። በየቅዳሜው እንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር የሚሰበሰበው ይህ ክበብ አንድ ጊዜ ሃያ ሰው ነበረው፤ አሁን የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው። መሥራቹ አቶ ባሮክ ስለ እሑድ ሲጠየቁ ስለ ዓለም ሕዝቦች ወንድማማችነት ግማሽ ሰዓት አወሩ። ከዚያ ሁሉ ሩሃማ የለቀመችው አንድ ፍሬ ነገር ነው፦ ቅዳሜ ከእንጦጦ ሲወርዱ ከተለያዩ ወዲህ ወዳጃቸውን አላዩም፤ እሑድ ጉልበታቸው ከአልጋ አላስነሳቸውም።

ሦስተኛው ባለ ሱቁ ኑዕማን ነው። እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ ሱቁ እንደነበረ ሰፈሩ ሁሉ መስክሮለታል። ስኳር እየመዘነ ነው ያናገራት። ሩሃማ ልትሄድ ስትል፣ ተስፋ ቆርጣ፣ ስለ አዞው ጠየቀችው። ኑዕማን ሳቀ።

«ቅጣት ነው እኮ። ኤስፔራንቶ ተናጋሪዎች መሐል በአገርህ ቋንቋ ካወራህ አዞ ሆነሃል ይባላል። ጋሽ ባሮክ ከእንጨት ጠርበው ሠሩት። የተያዘ ሰው ሌላ እስኪይዝ ድረስ በኪሱ ይዞት ይዞራል፤ ሲይዝም ፊቱን ወደ ተያዘው አዙሮ ያስቀምጥለታል።»

«አሁን ተረኛው ማነው?»

«ራሳቸው ጋሽ ባሮክ ናቸዋ። ቅዳሜ ታክሲ ውስጥ ረስተው 'ወራጅ አለ' አሉ፤ ወላሂ በሳቅ ልሞት። ጋሽ ወርቅአየሁ ቀድመው ባይወርዱ ኖሮ ዓመት ያበሽቋቸው ነበር።»

ሩሃማ አዛዡ ጋ ልትደውል ስልኳን አወጣች። ኔትወርክ የለም። ወደ ጣቢያው ዳገቱን በእግሯ ሮጠች።

በዚያው ሰኞ በአሥር ሰዓት አዛዡ፣ ቀጸላ፣ ኑዕማንና አቶ ባሮክ በሟቹ ክፍል ተሰበሰቡ። አዛዡ ሰዓቱን ያያል። ሩሃማ አዞውን ጠረጴዛው ላይ፣ በተገኘበት ቦታ አቆመችው።

«ቀጸላ ጠረጴዛውን ስትወለውል ይህ አልነበረም። ስትመለስ ነበር። ስለዚህ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚህ ሰው መጥቷል፤ ያመጣውም ተረኛው ነው። ተረኛው ማን እንደነበረ ኑዕማን ነግሮኛል።»

አቶ ባሮክ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለወርቅአየሁ ቅዳሜ ሰጥቼው ይሆናላ።»

«ጋሽ ባሮክ» አለ ኑዕማን ቀስ ብሎ፣ «እሳቸው እኮ ያን ጊዜ ከታክሲው ወርደው ነበር።»

ሩሃማ ቀጠለች። «አዞው ፊቱን ወደ ሟቹ አዙሯል። እሳቸው ተይዘዋል ማለት ነው፤ እዚህ ተቀምጠው በአማርኛ ተናግረዋል። የተናገሩት ነገር የተቀደደው ገጽ ላይ ይመስለኛል። አቶ ባሮክ፣ ወዳጅዎ ምን አሉዎት?»

ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም እንዲሉ፣ ሽማግሌው መጀመሪያ በኤስፔራንቶ አንድ ነገር አጉተመተሙ። ከዚያ ከኮታቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ክበቡን እንዝጋው አለኝ። 'ኤስፔራንቶን በስድስት ወር ቻልኩት፣ ቤላሩስኛ አምስት ዓመት ፈጀብኝ፤ ስቃዥ ግን የምጣራው አሮጊቷን ነው፣ በቤላሩስኛ፤ በኤስፔራንቶ የተቆጣኝ ሰው የለም' ብሎ ከደብተሩ አነበበልኝ። ሆን ብሎ በአማርኛ። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ተይዞ አያውቅም። እንደ ልማዴ አዞውን አስቀመጥኩለት። አልሳቀም።»

«መስኮቱስ?»

«ጩኸታችንን ጎረቤት እንዳይሰማ ዘጋሁት። ቆይቶ ራሴን አለና ተደፋ። እኔንም አዞረኝ።»

«ስለዚህ የከሰሉ ጭስ መሆኑን አውቀዋል።»

«አውቄያለሁ። እጄን ወደ መስኮቱ ሰድጄ ነበር። ክበቡ እንደሚዘጋ ሳስብ ግን መለስኩት፤ ገጹን ቀደድኩና በሩን ዘግቼ ወጣሁ።»

ቀጸላ ተነስታ መስኮቱን በመዳፍ ስፋት ከፈተችው፤ የእንጦጦ ብርድ ገባ። አዛዡ ሩሃማን ሳያይ ልጅቷን ነፃ ነሽ፣ እዚሁ ቤትሽ መቅረት ትችላለሽ አላትና ብዕሩን አወጣ።

«ሙሉ ስምዎን ይናገሩ።»

ሽማግሌው በአማርኛ መናገር ጀመሩ። እየተናገሩም እጃቸውን ዘርግተው አዞውን ከሟቹ ቦታ አነሱ፤ ፊቱን ወደ ራሳቸው አዙረው አስቀመጡት።