ሦስት ቀለህ፣ አራት ተኩስ

መርማሪ ኒታ ብራከን ከመኪናዋ ሳትወርድ ሽማግሌው አርቪድ ሎክን ሁለት እጁን ለካቴና ዘርግቶ በረንዳው ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ» አላት። «ትናንት ለመጡትም ነግሬያቸዋለሁ። ‹አደጋ ነው› ብለው ጽፈው፣ ጠመንጃዬን በጨርቅ ጠቅልለው ወሰዱ። እኔን ትተው ጠመንጃውን አሰሩት።»

«ካቴና አላመጣሁም ሚስተር ሎክን» አለች ኒታ። «መጀመሪያ ገብተን እንቀመጥ።»

ኒታ ሃምሳን ያለፈች፣ አጭርና ዝግ ያለች ሴት ናት። አባቷ በዚሁ በምሥራቅ ሞንታና ለአውራጃው ቀበሮ ሲያድን ኖሮ የሞተ ሰው ነበር። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ስለ ጠመንጃ ሊያታልላት የሚሞክር ሰው ብዙ አልነበረም።

ወጥ ቤቱ ጎረቤት ባመጣው የድንችና የሥጋ ትሪ ሞልቷል። አንዱንም የነካው የለም። አርቪድ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ ተናገረ። መጋቢት የጊደሮች መውለጃ ነው፤ ቀበሮዎቹ የእንግዴ ልጅ ሽታ ተከትለው ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ። እሱም በየማለዳው ቦዩ ዳር ተኝቶ ይጠብቃቸዋል። ትናንት አንድ መጣ፤ ሦስት ጊዜ ተኮሰበት። ሁለቱ አፈር ሲያነሱ አይቷል። ሦስተኛው የት እንደገባ አያውቅም፤ ቀበሮው ሮጦ ሸምበቆው ውስጥ ጠፋ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጁ ቴት ከሸንተረሩ ማዶ፣ አጥሩ ሥር፣ ደረቱን ተመትቶ ወድቆ ተገኘ።

«በምን ነበር የተኮሱት?»

«በአዲሱ። እሑድ ሰባ አራት ዓመት ሞላኝ፤ ቴትና ሚስቱ ገዝተው አመጡልኝ። ሰላሳ ዓመት የያዝኩት ሁለት አርባ ሦስት የሚባለውን ጠመንጃ ነበር። ‹አባባ፣ ያ ከባድ ነው፤ በበረዶ የደረቀ መሬት ሲነካ ይነጥራል፤ ከሸንተረሩ ማዶ እኔ አለሁ፣ ከብቱ አለ› አለኝ። ይሄኛው ሁለት ዜሮ አራት ነው። አረሩ ትንሽ ነው፤ በጣም ፈጣን ነው፤ የነካው ቦታ ላይ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። እኔ ደግሞ ‹ነፋስ ይወስደዋል› ብዬ ሞገትኩት። ሲያስቀኝ አመሸ። ራሱ መርጦ በገዛልኝ ጠመንጃ ገደልኩት። እየሰማሽኝ ነው?»

ኒታ ሰምታዋለች፤ ግን ሥራዋን አልተወችም። «ቀለሆቹስ?»

አርቪድ ከኪሱ ሦስት ባዶ ቀለህ አወጣ። ባዶ ቀለሆችን መልሶ በባሩድ ራሱ ስለሚሞላ አንድም ቀለህ ሜዳ ላይ ጥሎ አያውቅም።

የቴት ሚስት ጆዲ በጊደሮቹ በረት ነበረች። ባሏ ቢሞትም ጊደሮቹ መውለዳቸውን አላቆሙም። እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ጥጃ በጭድ ትጠርጋለች።

«ስንት ተኩስ ሰማሽ?» አለቻት ኒታ።

«አራት።»

«አማትሽ ሦስት ነው የሚሉት።»

«እኔ አራት ሰምቻለሁ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተደራርበው ነው የመጡት፤ የገደል ማሚቶ መስሎኝ ነበር። ኋለኛው ግን ወፈር ያለ ነበር። ማሚቶ ከዋናው ይወፍራል እንዴ?»

«ለፖሊሶቹ ነግረሻቸዋል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ቆዳ የሚሸጠው ጎረቤት ሌስ ፕራውቲ በመጋዘኑ ሙሉ የቀበሮ ቆዳ ወጥሮ ነበር የተገኘው። ቴት ባለፈው ወር ከእርሻው አባሮታል፤ ሌስ ይህን ራሱ ቀድሞ አወራ።

«ልጁን አልወደውም ነበር፤ ዛሬ ሞተ ብዬ አልዋሽሽም» አላት። «ቤቴ ስምንት ጠመንጃ አለ፤ ቁጠሪያቸው። ሁለት አርባ ሦስትም አለኝ። ለሥራዬ ግን ትንሹን ነው የምይዘው፤ ገብቶ የሚቀረውን። መውጫ ቀዳዳ ያለው ቆዳ ማን ይገዛኛል?»

«የሽማግሌውን አዲስ ጠመንጃ አይተኸዋል?»

«ማየት ብቻ! እሑድ የማነጣጠሪያ መነጽሩን የገጠምኩለት እኔ ነኝ። ‹ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው› ብዬ ስቀልድበት ኬኩን ከለከለኝ፤ ሽማግሌው!»

ትልቁ ልጅ ቨርሊን የሚኖረው አሥራ ሁለት ማይል ርቆ ነው። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ሬሳው ከተነሳ በኋላ ደርሶ፣ ከአባቱ አጠገብ አልተለየም። ኒታ ግቢው ውስጥ አስጠርታ አነጋገረችው። ከመኪናው የኋላ መስታወት ላይ ጠመንጃ ተሰቅሏል።

«የአንተም ሁለት አርባ ሦስት ነው?»

«አባታችን ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ነው የገዛልን፤ የቤቱ ጥይት አንድ እንዲሆን። ቴት የእሱን ሸጠው።» ራሱን ነቀነቀ። «አባባን ስንት ዓመት ለመንኩት መሰለሽ! ያ አሮጌ ጠመንጃው ከባድ አረር ነው የሚተፋው። የደረቀ መሬት ላይ ሲያርፍ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ በውሃ ላይ ይዘላል። ይኸው ያልኩት ደረሰ።»

ኒታ ለአፍታ አየችውና «ከወንድምህ ጋር ግን ሆድና ጀርባ ነበራችሁ ይባላል» አለች።

«አልደበቅኩም። አባባ ዓርብ እርሻውን በሙሉ በእሱ ስም ሊፈርም ነበር። እኔ ለሁለት ይከፈል አልኩ፤ አይከፈልም አሉ። ከገና ወዲህ እዚህ ቤት እግሬን አንስቼ አልመጣሁም።»

«ትናንት ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ብቻዬን።»

አርቪድ በመስኮቱ ያያታል። ኒታ ቦዩ ዳር በብረት መፈለጊያ ስታስስ፣ ተንበርክካ አፈር ስትወቅር ቆየች። ቀጥላ ሸምበቆው ውስጥ ገብታ ጠፋች። ስትወጣ አንድ ነገር በጅራቱ ይዛ ትጎትታለች። ከዚያ ሸንተረሩን ወጥታ፣ ልጁ የወደቀበት አጥር ጋ ረጅም ሰዓት ቆመች። አርቪድ ሊያይ አልቻለም፤ ፊቱን አዞረ።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ወጥ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አርቪድ ከራስጌ፣ ቨርሊን ከጎኑ፣ ጆዲ ከፊት ለፊት ተቀመጡ። ሌስ ባርኔጣውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ሚስተር ሎክን፣ ሦስት ተኩሰዋል፤ ሦስቱንም አግኝቻቸዋለሁ» አለች ኒታ። ትንሽ ከረጢት ከፍታ ጠረጴዛው ላይ የብረት ፍርፋሪ አፈሰሰች። «ይሄ ሁለቱ ነው፤ ከቦዩ ግድግዳ ያወጣሁት። አንዱም አልነጠረም፤ እዚያው ደቋል።»

«ሦስተኛውስ?» አለ አርቪድ በቀጭን ድምፅ።

«ቀበሮው ውስጥ ነው። መትተውታል። ሸምበቆው ውስጥ አርባ እርምጃ ሮጦ ወድቋል። መግቢያ ቀዳዳዋ ሽምብራ ታክላለች፤ መውጫ የለውም። ቀደድኩት፤ አረሩ እዚያው ውስጡ ዱቄት ሆኗል። ከቀበሮ አልፎ መውጣት ያልቻለ ጥይት መሬት ነክቶ፣ ነጥሮ፣ ሸንተረር ተሻግሮ፣ የሰው ደረት ዘልቆ አይወጣም። ልጅዎን የመታው ደግሞ ዘልቆ ወጥቷል። ቴት ስለ ጠመንጃው የነገርዎት ሁሉ ልክ ነበር። እርስዎ አልገደሉትም።»

ጆዲ አፏን በእጇ ያዘች። አርቪድ የሰማውን ማመን አቅቶት ፍርፋሪውን በጣቱ ነካካ። ቨርሊን የአባቱን ትከሻ ጨበጥ አደረገ። «እግዚአብሔር ይመስገን አባባ» አለ።

«አራተኛውን ጥይት ከአጥሩ እንጨት ውስጥ አወጣሁት» ብላ ኒታ ቀጠለች። «የተተኮሰው ከምሥራቅ፣ ከዛፎቹ መሃል ነው፤ ከቦዩ በኩል አይደለም። ስፋቱ የሁለት አርባ ሦስት ነው። ክፉኛ ስለተጨፈለቀ ግን ከየትኛው አፈሙዝ እንደወጣ መለየት ላይቻል ይችላል።»

«እኔም አለኝ ብዬሻለሁ» አለ ሌስ፣ ላቡ ችፍ ብሎ።

«ብለኸኛል። አሁን ግን ገዳዩ ያሰበውን አስቡ። ሽማግሌው በየማለዳው ቦዩ ዳር እንደሚተኩስ፣ ቴትም በዚያው ሰዓት አጥሩን ይዞ እንደሚሄድ ያውቃል። ዛፎቹ ውስጥ ሆኖ የአባትየውን ተኩስ ጠበቀ፤ በእሱ ላይ ደርቦ ተኮሰ። ነገሩ እንዲያምርለት የአባትየው ጥይት የሚነጥር፣ ዘልቆ የሚወጣ መሆን አለበት። አሮጌው እንደዚያ ነው። አዲሱ አይደለም። ሌስ መነጽሩን በእጁ የገጠመ ሰው ነው፤ ይህን ተንኮል ሊያስበው አይችልም። ጆዲ ጠመንጃውን የገዛች ናት። እሑድ እዚህ ቤት ያልነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው ሽማግሌው አሮጌውን ይዞ የወጣ የመሰለው።» ወደ ቨርሊን ዞረች። «ዛሬ ጠዋት ‹ያ አሮጌ ጠመንጃው› አልከኝ። አሮጌው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።»

ቨርሊን ቀልቶ ተነሳ። «በሐዘን አፌ ስቶ ነዋ! አዲስ ጠመንጃ እንደተገዛለት አውቃለሁ። ማክሰኞ መኖ ቤት ተገናኝተን ራሱ ነግሮኛል! አባባ፣ ነግረኸኛል አይደል?»

ኒታ እርሳሷን አስቀመጠች። «ይሄን መመለስ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት ሚስተር ሎክን። ነግረውት ከሆነ የያዝኩት ነገር ሁሉ ይላላል። አልዋሽዎትም።»

አንድ ‹አዎ› የቀረውን ልጅ እንደሚያተርፍለት አርቪድ ገብቶታል። ትናንት ከእኩለ ቀን ጀምሮ ይህ ልጅ እጁን ይዞ «ሆን ብለህ አይደለም አባባ» ሲለው ነበር የዋለው። ጆዲን አያት። እሷ አላየችውም፤ ከእሱ ምንም አልጠየቀችም።

«መኖ ቤት አገኘሁህ» አለ አርቪድ ቀስ ብሎ።

ቨርሊን በረጅሙ ተነፈሰ።

«ወንድምህ ጠመንጃ ገዛልኝ፤ ናና ሦስታችን እንሞክረው ልልህ ነበር። ጠራሁህ። አየኸኝና መኪናህን አስነሳህ። መንገድ ላይ ወጥቼ ደግሞ ጠራሁህ። ሄድክ።» የሽማግሌው እንባ በጉንጩ ወረደ፤ አልጠረገውም። «አልነገርኩህም ልጄ። ቆመህ ብትሰማኝ ኖሮ ነግሬህ ነበር።»

ቨርሊን ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

ኒታ የሽማግሌውን ቃል ጽፋ፣ እንዲፈርምበት አቀረበችለት። አርቪድ መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያም ወረቀቱን መለሰላት።

«ሁለት ጊዜ ነው የጠራሁት» አላት። «አንድ ጊዜ ብለሽ ነው የጻፍሽው።»

አስተካከለችው። ፈረመ።