ጥላው ሥር የደረቀው አረም

ልጅቷ ስትነሣ ምን ተብሎ ይነገራታል? አያትየዋ የጋጣውን በር ተደግፈው ይህንኑ ደጋግመው ራሳቸውን ጠየቁ። ዳማዋ ባዝራ ግንባሯን ከግድግዳው እንዳስጠጋች ወድቃ ሞታለች። የሟች ልጃቸው ባዝራ ነበረች። የልጅ ልጃቸውም እናቷ ከሞተች ወዲህ ከእሷ ሌላ የሆዷን የምታጫውተው አልነበራትም።

አማቻቸው፣ የልጅቷ አባት፣ ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። ፈረስ ጠባቂው ሰሞኑን በአጥሩ ዙሪያ የአረም መድኃኒት ረጭቷልና «ጓዝህን ጠቅልል» አለው። ፈረስ ጠባቂው ፀጉሩ እዚያው ጋጣ ውስጥ የሸበተ ሰው ነው፤ ሌላ መጠጊያ የለውም። ባዝራዋን ቀብሬ ልሂድ ብሎ ብቻ ለመነ። አያትየዋ ግን ነገሩ ሳይጣራ ሰው አይባረርም ብለው ሙጭጭ አሉና የእንስሳት ሐኪሟ ተጠራች። ከብት ተመርዞ ሲሞት የምትመረምር እሷ ናት፤ በጠባብ ቀዳዳ ትሾልካለች እያሉ «መርፌ» ይሏታል።

መርፌ የባዝራዋን ከንፈር ገልጣ ድዷን አየች፤ ቢጫ ነው። ሆዷን ከፍታ ጉበቷን በጣቷ ተጫነችው። ከዚያ መርፌ ራሷ መርፌ የጠፋባት መስላ ግጦሹን አጎንብሳ ዞረችው።

ቀጥላ ሁሉንም በየተራ ጠየቀች። ፈረስ ጠባቂው ከአጥሩ ውጪ ብቻ፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ እንደረጨ፣ ባዝራዋንም የተረጨው አረም ደርቆ እስኪነሣ ጋጣ አስሮ ድርቆሽ ሲያበላት እንደሰነበተ ነገራት። አባትየው ሊሸጣት አስቦ እንደነበር አልካደም። «የምትበላውን እኔ ምን አውቄ? ጫማዬ ያንን ጭቃ አያውቀውም» አላት። መርፌ ጫማውን አይታ አመነችው።

«እርስዎስ፣ እማማ?»

«እኔ አሮጊቷ ምን አያለሁ ብለሽ ነው፣ ልጄ?»

«እጅዎን ከሹራብዎ ውስጥ አላወጡም። በረደዎት?»

«የኔ ብርድ ከውስጥ ነው።»

መርፌ አልተጫነቻቸውም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ልጅቷ ዐይኗ አብጦ፣ የባዝራዋን ልጓም ጭኗ ላይ አድርጋ ጥግ ይዛለች። አያትየዋ ከጎኗ ተለጥፈዋል።

«ጉበቷ እንደ ጫማ ሶል ደርቋል» ብላ ጀመረች መርፌ። «ይህ የሰሞኑ ሥራ አይደለም፤ ቀስ በቀስ የተጠራቀመ መርዝ ነው። ፈረስ ጠባቂው አባባ የረጩት መድኃኒት ከደሟ ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ ምን በላች?» አለ አባትየው።

«ያንን ቢጫ አበባ የሚያወጣውን አረም። ግጦሹ ውስጥ አልፎ አልፎ በቁሙ አለ፤ አንዱም አልተነከሰም። እርጥቡ መራራ ስለሆነ ፈረስ አፍንጫውን ያዞርበታል። ሲጠወልግና ሲደርቅ ምሬቱ ይቀንሳል፤ መርዙ ግን አብሮት ይቆያል። ለዚህ ነው ተነቀለም ተረጨም ፈረስ ከማይደርስበት ተወስዶ የሚወገደው። እዚህ ግን እየተነቀለ ግጦሹ መሃል ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ተከምሯል። አገዳው ቀርቷል፣ ቅጠሉ ተበልቷል።»

«ሆን ተብሎ ነዋ» አለ አባትየው።

«አይደለም። የነቀለው ሰው ከዝናብ በኋላ፣ አንድ በአንድ፣ ከነሥሩ ነው የነቀለው። የባዝራዋ እግር እንዳይሰናከልም ጉድጓዱን ሁሉ መልሶ ደልድሎታል። ጠላት እንዲህ አይደክምም። ገዳይ ካላችሁኝ፣ በጣም የሚወዳት ሰው ነው።»

«ማን?»

የመርፌ ዐይን የአያትየዋ ሹራብ ላይ ዐረፈና ተመለሰ። እሳቸውም በዐይናቸው ለመኗት። ጠዋት ከክምሩ አንድ እስር አንሥተው ደብቀዋል፤ በተጎነጎነ ሣር የታሰረ፣ የጉንጉኑ ጫፍ ወደ ውስጥ የተሸጎጠ። የባዝራዋ ጋማም የተጎነጎነው እንዲሁ ነው። ያንን አጎነጓጎን ሟች ልጃቸው ያስተማረችው ለአንዲት ልጇ ብቻ ነበር። የአረም መድኃኒቱ ባዝራዋን እንዳይነካት ተጠንቀቂ እያሉ ያችን ልጅ ሲያስፈራሯትና ግጦሹ እንዳይረጭ አረሙን በእጇ እንድትነቅል ያደረጓት ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት» አለ ፈረስ ጠባቂው ድንገት።

«አባባ፣ የእርስዎ ወገብ ይህን ሁሉ ያጎነብሳል?» አለች መርፌ ቀስ ብላ።

«ማጎንበስ ለምጄዋለሁ፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ውጣልኝ» አለ አባትየው።

ልጅቷ ብድግ አለች። አያትየዋ ክንዷን ሊይዙ ሞከሩ፤ እሷ ግን ከሹራባቸው ሥር ብቅ ያለውን የሣር ጉንጉን አይታዋለች። የተጨበጡ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቀቀች፣ እስሩን ወሰደች፣ አባቷ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

አባትየው ጉንጉኑን በጣቱ ነካ። የሚስቱን እጅ ዐወቀው። ቀና ብሎም ልጁን አየ።

ልጅቷ ልጓሙን እንደያዘች በሩን ክፍት ትታ ከቤት ወጣች።