ወደ ግራ ያጋደለ ስፌት

«ተመልከቺልኝማ!» የሚጢጢ አባት ኮቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ለአንዲት ደንበኛ አሳያት። «ይህ የቁልፍ ቀዳዳ በስፌት መኪና የተሠራ አይመስልም? በእጅ ነው። የወንዱ ልጄ እጅ ነው!»

«ይባረክ! እንግዲህ ጋሼ፣ እርስዎ ጡረታ ሊወጡ ነዋ» አለች ደንበኛዋ እየሳቀች።

ሚጢጢ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጀርባ ሆና በመርፌ የተወጋ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። ያን ቀዳዳ የሠራችው እሷ ነበረች። እሱን ብቻም አይደለም፤ ላለፉት አምስት ሳምንታት ከዚህ ልብስ ስፌት ቤት የወጣውን ኮት ሁሉ ቁልፍ የተከለችው እሷ ናት።

ሥራው የወንድሟ ነበር። አባታቸው ይቆርጣል፣ በመኪና ይሰፋል። ወንድሟ የእጅ ሥራውን ይጨርሳል። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትተኩሳለች። እናታቸው ሌላ ከተማ ስለምትሠራ በወር አንዴ ነው የምትመጣው። ወንድሟን ሰፈሩ ሁሉ «ፉጨት» ይለዋል። ቁልፍ ሲተክል ያፏጫል፤ አስተማሪ ቆጥቶት ከክፍል ሲያስወጣው እንኳ ኮሪደሩ ላይ ያፏጭ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባ በጥቂት ወሩ ግን ዝም አለ። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ቢሄድ ሁለት ቀን ራሴን አመመኝ ይላል። ከሰዓት በኋላ ኮቶቹን ይዞ ሱቁን ከጓዳው ከሚለየው መጋረጃ ጀርባ ይገባና በተጠቀለለው ጨርቅ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። አይኑ ግን አይከደንም።

«ለአባዬ እንዳትነግሪው» ብሏት ነበር በመጀመሪያው ሳምንት። «ድካም ነው፤ ያልፋል።»

ቃል ገባችለት። አንድ ኮት ጨረሰችለት። ከዚያ ሁለት። ከዚያ መቁጠር ተወች።

ትናንት ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ እንቅልፍ ጥሏት ስትነቃ፣ አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ፣ አፏ ስለማያርፍ «ራዲዮ» የሚሏት፣ «አቦ፣ ትምህርት ቤት ነው ሆቴል የመጣሽው?» ብላ ሙድ ያዘችባት። የሒሳብ መምህሩ የነገራት የትምህርት ቤቱ አማካሪ ግን አልሳቀችም። ቢሮዋ ጠርታ ጣቶቿን አየችና «ቤት ውስጥ የሚያሳስብሽ ሰው አለ?» አለቻት።

«የለም፣ ሚስ።»

አማካሪዋ አላጨናነቀቻትም። አንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ ስሟንና ሰዓቱን ጻፈችና ሰጠቻት። «ሐሙስ ጠዋት ጠዋት ለቤተሰብ ክፍት ነኝ። የሚያሳስብሽ ሰው ካለ ነገሩ እስኪከፋ አትጠብቂ።»

ወረቀቷ አሁንም ደብተሯ ውስጥ ናት።

ደንበኛዋ ስትሄድ ሚጢጢ ሁለት ያላለቁ ኮቶች ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። የወንድሟ ምሳ አልተነካም።

«ሰማኸው? አባዬ በአንተ ሲኮራ» አለችው፤ የሚስቅ መስሏት።

ወንድሟ ፊቱን ከግድግዳው አላዞረም። «በአንቺ ነው የኮራው። ታያለሽ? ባልኖርም ምንም አይጎድልም። አንቺ ትበቂያለሽ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው።»

ዝም ብሎ አልነበረም። ሚጢጢ ኮቶቹን እንደታቀፈች ቆመች። አምስት ሳምንት ሙሉ የረዳችው መስሏት ነበር። እሱ ግን እያንዳንዷን ቀዳዳ እያየ፣ ቤቱ ያለሱም እንደሚቆም ማስረጃ ሲሰበስብ ኖሯል። ብትነግር ቃሏን ትበላለች፤ ምናልባትም ዳግመኛ ምንም አይነግራትም። ባትነግርስ?

ኮቶቹን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ልክ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አልነበረችም።

«አባዬ፣ ያ ቀዳዳ የእኔ ነው።»

የስፌት መኪናው አልቆመም።

«የአምስቱ ሳምንት ሁሉ የእኔ ነው። እሱ መሥራት አቅቶታል። አይበላም፣ አይተኛም። አሁን ደግሞ ‹ባልኖርም ምንም አይጎድልም› አለኝ።»

መኪናው ቆመ። አባቷ ጨርቁን ከመርፌው ስር አወጣ።

«ስፌቱ ያንቺ መሆኑን አውቅ ነበር» አለ።

«እንዴት?»

«ግራኝ አይደለሽ? ክርሽ ወደ ግራ ያጋድላል። ሠላሳ ዓመት መርፌ ለያዘ ሰው እኮ ስፌት እንደ እጅ ጽሕፈት ነው።»

«ታዲያ ለምን ‹የወንዱ ልጄ እጅ› እያልክ ለሰው ታሳያለህ?» ድምጿ ከፍ አለ። ከአባቷ ጋር እንዲህ ተናግራ አታውቅም።

አልተቆጣትም። «ደጋግሜ ስለው ወንድምሽ ወደ ራሱ የሚመለስ መስሎኝ» አለ። «ፈራሁ፣ ልጄ። እናትሽ ስትደውል ‹ደህና ነው› እላታለሁ። ይህን ያልሽኝን ግን… ይህን አላወቅኩም።»

ሚጢጢ ወረቀቷን ከደብተሯ አወጣች። አባቷ መነጽሩን አድርጎ አነበባት፤ ደግሞ አነበባት።

«ሐሙስ ኮቶቹን የምናስረክብበት ቀን ነው» አለችው።

«ኮት ይቆያል» አለና ተነሥቶ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። የወንድሟ ድምፅ መጣ፦ «ነገረችህ?»

«ነገረችኝ። ልጠይቅህ የሚገባኝ ግን እኔ ነበርኩ። እሷ ላይ አትፍረድ።»

ያን ቀን አባቷ ለእናቷ ደውሎ እውነቱን ነገራት፤ ቅዳሜን ሳትጠብቅ ዓርብ ልትመጣ ተስማማች። መቀሶቹንና ምላጮቹን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ፣ ፍራሹን ጎትቶ ከወንድሟ አልጋ አጠገብ አነጠፈ። ወንድሟ ሁለት ቀን አላናገራትም። ሻይ ስታቀብለው ይቀበላል፤ አይኗን ግን አያይም። ሁለቱም ቀን ረጅም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አባቷ ሱቁ በር ላይ «ለቤተሰብ ጉዳይ ዝግ ነን» ብሎ ለጠፈ። የቤተሰብ ጉዳይ! ለሰው ሁሉ እንዲህ ይጽፋል ብላ አላሰበችም። ወንድሟ ፊቱን ታጥቦ፣ ሹራቡን ገልብጦ ለብሶ ወጣ። ማንም «ገልብጠሃል» አላለውም።

የአማካሪዋ ክፍል ጠባብ ነበር፤ አራት ወንበሮች ጉልበት ለጉልበት ሊያነካኩ ምንም አይቀራቸው። አባቷ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ «አምስት ሳምንት ሆነው፤ ዘገየን አይደል?» አለ።

«አልዘገያችሁም» አለች አማካሪዋ። «አምስት ሳምንት ገና ነው። ብዙ ሰው የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ምን እንደሆነ ዛሬ አልነግራችሁም፤ ስላላወቅኩ። አብረን እናየዋለን። ከሐኪም ጋርም ራሴ አገናኛችኋለሁ።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተን ደግሞ ስለመሞት አስበህ እንደሆነ በግልጽ እጠይቅሃለሁ። አትደንግጥ። የምጠይቅህ፣ መልሱ ምንም ቢሆን መስማት ስለምችል ነው።»

ወንድሟ ቀና አለ። በአምስት ሳምንት ውስጥ የሰውን ፊት እንዲህ ትክ ብሎ ሲያይ ሚጢጢ አላየችውም።

«አንቺስ» አለቻት አማካሪዋ፣ «አሁን ምን ትምህርት አለሽ?»

«ፊዚክስ።»

«እንግዲያው ክፍልሽ ግቢ። ያንቺን ደግሞ ሰኞ ለብቻችን እናወራለን።»

ሚጢጢ አልተንቀሳቀሰችም። እሷ ከሄደች ማን ያየዋል? ቃል ቢያጥረው ማን ይሞላለታል?

«ሂጂ እንጂ» አለ ወንድሟ፣ ቀስ ብሎ። «ወይስ ፊዚክሱን እኔ ልማርልሽ?»

ቀልዱ ደካማ ነበር፤ ድምፁም ሻክሯል። አባቷ ግን እንደ ትልቅ ነገር ሳቀ፤ ሲጨርስም አይኑን ጠረገ። ሚጢጢ ቦርሳዋን አነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች፤ ብዙ ልትል ፈልጋ ነበር፤ ሳታጨናንቃት ስለሰጠቻት ወረቀት፣ ስለተዘጋው ሱቅ፣ ተነሥቶ ስለመጣው ወንድሟ።

«ሚስ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ አለች።

በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ እዚያ ተቀምጣ የሚወራውን ለመስማት ጆሮዋን መጣል ትችል ነበር። ጥቂት አየችው። ከውስጥ የወንድሟ ድምፅ ተሰማ፤ ቃሉ አይለይም፣ ግን እየተናገረ ነበር። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወደ ፊዚክስ ክፍል ደረጃውን ወጣች።