የመሰንጠቂያው የእሳት ውኃ

በየካ የምርመራን ወግ ያቆሙት እነ ባሻ ከበበና እነ ግራዝማች ተክለጻድቅ ነበሩ፤ መጀመሪያ ዐይን፣ ቀጥሎ ጥያቄ፣ በመጨረሻ እጅ ይሉ ነበር። ከእነርሱ እግር ሥር የተማሩት ሻምበል ወልደ ኢየሱስ በየካቲት ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ቀበና አጠገብ ወዳለ የእንጨት መሰንጠቂያ ሲጠሩ ግን፣ ወጣቱ የመቶ አለቃ ገረሱ ቀድሞ ደርሶ እጁን አስቀድሞ ነበር፤ ሽማግሌውን ዘበኛ ፉፋን በካቴና አስሮታል።

ሟቹ የእሳት መከላከያ ሥራ የሚመረምሩት የመንግሥት ሠራተኛ አቶ ቀጀላ ናቸው። ጓሮ፣ ለእሳት ማጥፊያ ከተተከለው ቀይ የውኃ ቧንቧ ሥር፣ ሰጋቱራ ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ማጅራታቸው ተሰብሯል። የፉፋ ዱላ ደም ነክቶት አጠገባቸው ወድቋል።

«ትናንት በር ላይ ተጣልተዋል» አለ ገረሱ። «ዱላውም የእሱ ነው። ፍርዱ ስቅላት ነው።»

«ያለ ወረቀት አላስገባም አልኩ እንጂ አልተጣላሁም» አለ ፉፋ። «ዱላዬ ከበሩ ተደግፎ ይውላል። ሽማግሌ ዱላ ታቅፎ ቁርስ አይበላም፣ ልጄ።»

«ዝም በል አንተ።»

ሻምበል ጎንበስ ብለው ከቧንቧው ሥር ሰጋቱራ ዘገኑ፤ እንደ ዱቄት በነነ። ከዚያም ቧንቧውን የዘረጋውን ተቋራጭ፣ አቶ በላይነህን አስጠሩ።

«ሟቹን መቼ ተለዩአቸው?»

«ጧት በሁለት ሰዓት። ቧንቧውን ከፍተው ፈተሹ፣ ውኃው እንደ ጎርፍ ወረደ፣ ‹ደግ ነው› አሉኝ፤ ሄድኩ። ፈቃድ አለኝ። መንግሥት በፈቃዱ ላይ የጣለውንም ተጨማሪ ክፍያ ለእያንዳንዱ ቧንቧ ከፍያለሁ። ደረሰኙ ይኸውና።»

የመሰንጠቂያው ባለቤት ወይዘሮ የማርያምወርቅ ቧንቧው ሲፈተሽ አይተው እንደሆነ ተጠየቁ።

«እኔ ያየሁት ደረሰኙን ነው። የሥራውን ዋጋ ልሰጠው የቀረው የአቶ ቀጀላ ፊርማ ብቻ ነበር።»

በአራት ሰዓት ሻምበል ሁሉንም ቧንቧው ዘንድ ሰበሰቡ።

«ዛሬ ጧት በሁለት ሰዓት ጎርፍ የወረደበት ሰጋቱራ አሁን ጭቃ በሆነ ነበር። ይህ ግን ይበናል። ስለዚህ ውኃ አልወረደም፤ ወረደ ያሉን አቶ በላይነህ ብቻ ናቸው። ገረሱ፣ ቆፍር።»

ገረሱ ቆፈረ። ቧንቧው አንድ ክንድ ያህል ወርዶ አፉ በእንጨት ተወትፎ ቀረ። ከዚያ ወዲያ አፈር ብቻ ነው።

«አቶ በላይነህ ክፍያውን ግን ከፍለዋል፣ ጌታዬ። ላልዘረጉት ቧንቧ ስለ ምን ይከፍላሉ?» አለ ገረሱ።

«ክፍያው ከቧንቧው ይረክሳልና። የሚታሰበውም በፈቃዱ ላይ በተጻፈው ልክ ነው፤ በተቀበረው ልክ አይደለም። ደረሰኙ ወይዘሮዋን አሳመነ፤ አንተንም። አቶ ቀጀላ ግን በእጃቸው ከፈቱት፤ ጠብታ አልወጣም፤ አልፈርምም አሉ። ከበሩ የተደገፈውን ዱላ ያነሣው ያለ ፊርማው የሥራውን ዋጋ የማያገኘው ሰው ነው።»

በላይነህ ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አለ። «ለምኛቸው ነበር» አለ። «ጀርባቸውን ሰጡኝ።»

ገረሱ ካቴናውን ፈታ። የሽማግሌው አንጓ ደም ቋጥሯል።

«ተሳስቻለሁ፣ አባባ» አለ። «ዱላዎን አይቼ፣ ማኅተም ያለበትን ደረሰኝ አምኜ የእርስዎን ቃል ናቅሁ።»