ማንም ያልመጣበት ኮንሰርት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በገዛ ጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። ዋሽቼ የማተርፈው ነገር የለኝም።

የጀመረው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ሱቄ ውስጥ ተቀምጫለሁ።

ሱቅ ካላችሁት ነው እንግዲህ... ከፎቅ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ክፍል ናት። ሥራዬ የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው። የሰው ሰርግ፣ የሟች አባት ድምፅ፣ የሕፃን ሳቅ... ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ቤት ጫጫታ ስሰማ እውልና፣ ሲመሽ ጭር ወዳለው ቤቴ እገባለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ነው የምኖረው።

አንድ ሽማግሌ ገቡ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ የቆዳ ጃኬታቸው ክርኑ ላይ የተላጠ።

ጠረጴዛዬ ላይ ካሴት አስቀመጡ። ምንም አልተጻፈበትም።

«ቤቴ በር ሥር ወድቆ ነው ያገኘሁት» አሉኝ። «ማጫወቻ የለኝም። ምን እንዳለበት እስቲ ስሚልኝ፣ ልጄ።»

ከፈትኩት።

መጀመሪያ ሽሽሽ... የሚል ድምፅ። ከዚያ ጊታር። ከዚያ የሕዝብ ጩኸት።

ሙዚቃው ከራቅ ያለ ቦታ ነው የሚሰማው። ጭብጨባው ግን ጆሮ ሥር ነው። እንዲህ ያለውን ቅጂ አውቀዋለሁ፤ ከተመልካቹ አንዱ ቴፕ ጃኬቱ ውስጥ ደብቆ ገብቶ የሚቀዳው ነው።

«የሮክ ኮንሰርት ነው» አልኳቸው። «ሰዉ ደግሞ እንዴት አብዷል! አዳራሹን ሊያፈርሱት ነው እኮ።»

ቀና ስል ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ይሄ... እኛ ነን» አሉ። «ድራም የምመታው እኔ ነኝ። የባንዳችን የመጨረሻ ኮንሰርት ነው።»

«ታዲያ ደስ አይልም?»

«ልጄ... የዚያን ቀን እኮ አንድም ሰው አልመጣም።»

ቁጭ አሉና ነገሩኝ። በወጣትነታቸው ሰው «ነጎድጓድ» ነበር የሚላቸው። («አሁንማ ካፊያም አይደለሁ» ብለው የሚንቀጠቀጡ እጆቻቸውን አሳዩኝ።) ባንዱ አብሮ አርጅቷል። ዘመኑ ጥሏቸው ሄዷል። የዚያን ቀን በሩ ተከፈተ፣ መብራቱ በራ... ወፍ የለም። ትኬት ቆራጩ እንኳን ሰልችቶት ወደ ቤቱ ሄደ።

ዘፋኙ ግን «ለመጫወት ነው የመጣነው፣ እንጫወታለን» አለ።

ለባዶ ወንበር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወቱ። ሲጨርሱ ዕቃቸውን ሰበሰቡ። አንዱ የሌላውን ዓይን ማየት አልቻለም። ባንዱ በዚያው ተበተነ።

«ዛሬ ከመሀላችን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ» አሉ።

«አንዱ ሊቀልድባችሁ ጭብጨባውን በኋላ ጨምሮበት ይሆናል፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ዝም በይ እስቲ...»

አዲስ ዘፈን ጀምሮ ነበር። ቀስ ያለ፣ የሚያሳዝን ዘፈን።

«ይሄን ዘፋኙ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው የጻፈው። ከዚያ በፊት አልተዘፈነም። ከዚያ በኋላም አልተዘፈነም።»

ሕዝቡ አብሮ ይዘፍን ነበር።

ቃል በቃል።

ደግሞም... ከዘፋኙ ትንሽ ቀደም እያለ።

እኔ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆሟል። እሳቸው ግን እያለቀሱ ነበር፤ የደስታ ለቅሶ።

«ለካ መጥተው ነበር» አሉ። «ለካ ነበሩ...»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ይሰማሉ። እኔ ሻይ አፈላለሁ። ሥራ ሲበዛብኝ «ቀስ በይ፣ ካሴቱ አይሸሽሽም» ይሉኛል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ዘጠኝ ሰዓትን መናፈቅ ጀመርኩ። «ምሳ በላሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ!

ግን ቅጂውን ኮምፒውተር ላይ ሳጸዳው ሌላ ነገር አየሁ።

ያ ሁሉ ሕዝብ... አንድም ሰው አያስልም።

ጭብጨባው ሲያልቅ እየቀነሰ አይደለም የሚያልቀው። ቧንቧ እንደተዘጋ፣ ባንድ ጊዜ ጸጥ!

አንዱ ጸጥታ ውስጥ፣ ከማይኩ አጠገብ፣ ሹክሹክታ አለ። ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«አዩን እንዴ?»

«አላዩንም።»

«ድራመሩ ቀና አለ...»

«ዝም በል። እንዳትተነፍስ።»

ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቅዬ ወረወርኩት።

ሲመጡ እንደዋዛ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ የዚያን ቀን እየተጫወታችሁ ቀና ብለው ወንበሮቹን አይተው ነበር?»

አሰብ አደረጉ።

«አንዴ። ወንበር ሲንቋቋ የሰማሁ መስሎኝ። በየረድፉ አየሁ... ማንም የለም።»

ሹክሹክታውን አልነገርኳቸውም። ደስታቸውን መንጠቅ ከበደኝ።

አንድ ቀን ድራም ይዘው መጡ። አንዲት ብቻ፣ በጨርቅ የተጠቀለለች።

«አዳራሹ አልፈረሰም» አሉ። «ጥበቃው ይከፍትልኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ልጫወትላቸው። አብረሽኝ ነይ።»

ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳቸው።

አዳራሹ ከተዘጋ ብዙ ዘመኑ ነው። ወንበሮቹ አቧራ ለብሰው በረድፍ እንደቆሙ ናቸው። በተሰበሩት መስኮቶች ፀሐይ ይገባል። እኔ በሩ አጠገብ ጥግ ላይ ቆሜ በስልኬ መቅዳት ጀመርኩ።

መድረኩ ላይ ወጡ። ተቀመጡ። መምታት ጀመሩ።

እጃቸው አልተንቀጠቀጠም! እውነትም ነጎድጓድ ነበሩ።

ሲጨርሱ ስቲኮቹን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወንበሮቹን ማየት ጀመሩ። ጠበቁ...

ምንም።

«ዛሬስ አልመጡም» አሉ ቀስ ብለው።

ተመልሰን ስንለያይ እጄን ያዙ።

«አንቺ ነበርሽ አይደል? አንድ ሰው መች አነሰ።»

የስልኬን ቅጂ ቤቴ ሄጄ ሰማሁት። ድራም ብቻ ነው፤ ሌላ ኮሽታ የለበትም። እፎይ አልኩ።

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ አልመጡም። በሌላውም ቀን አልመጡም።

ቤታቸውን አፈላልጌ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ጎረቤታቸው ናት።

«አልሰማሽም እንዴ? ከአዳራሹ የተመለሱ ዕለት እኮ ነው... በተቀመጡበት አንቀላፍተው ቀሩ። ገና ዛሬ ጠዋት ነው ገብቼ ያገኘኋቸው።» ከዚያ ትክ ብላ አየችኝ። «ልጃቸው ነሽ?»

ቀብራቸው ላይ የነበርነው እኔ፣ ጎረቤቲቱና ቀባሪዎቹ ብቻ ነን።

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዓይኔ በሩ ላይ ይሄዳል። አንድ ጠዋት አንዲት ሴት የሰርጓን ካሴት አምጥታ ሄደች። ልገለብጥላት ማጫወቻውን ከፈትኩ።

ውስጡ ካሴት አለ።

እኔ ያስገባሁት አይደለም። ሲመሽ ባዶውን ነው ዘግቼው የሄድኩት።

አጫወትኩት።

ሽሽሽ... ከዚያ ድራም። ጋሼ አዳራሹ ውስጥ የመቱት ድራም። አመታቱን አወቅኩት።

ግን የእኔ ቅጂ አይደለም። እኔ በሩ ጥግ ነበርኩ። ይሄ ከወንበሮቹ መሀል ነው የተቀዳው።

ጭብጨባው ፈነዳ። ያ ሁሉ ሕዝብ... ከዚያ ባንድ ጊዜ ጸጥ። ድራሙ ቀጠለ። ከማይኩ አጠገብ አንዱ ሹክ አለ።

«ጥግ ላይ የቆመችው ማን ናት?»

«እሷን እኔ አውቃታለሁ...» አለ ሌላ ድምፅ።

ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

የጋሼ ድምፅ ነው። «ምሳ በላሽ ወይ?» ሲሉኝ እንደነበረው፣ ለስለስ ያለ።

«ብቻዋን ናት» አሉ። «ቦታ ያዙላት።»

ወንበር ሲጎተት ተሰማ። እዚያው ከማይኩ ጎን። አንድ ሰው አቧራውን በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረገ...

ከሩቅ፣ ከመድረኩ ላይ፣ ድራሙ አሁንም እየተመታ ነበር።