የትኛው ጉልበት

የመጠይቁ አሥራ አንደኛ ጥያቄ «ባለፈው ወር ጉልበትዎ ደክሞ ያውቃል?» ይላል። አንዲት አሮጊት የሰጡት መልስ «አዎ፣ ግራው። ቀኙ ደህና ነው» የሚል ነበር።

ሥራዬ በአንድ የጤና ምርምር ተቋም ውስጥ የመጠይቅ መልሶችን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነበር። አቅም ግራና ቀኝ እንደሌለው ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። ያስገባኋቸውን ቅጾች መልሼ አገላበጥኩ። ከመቶ አርባ አረጋውያን ግማሽ ያህሉ የመለሱት ስለ አቅማቸው ነው፤ የቀሩት ስለሚቆረጥማቸው መገጣጠሚያ።

ቅጾቹን ታቅፌ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወረድኩ። ጥናቱ የአንድ ወጣት ተመራማሪ ነበር። ስኳርና ደም ግፊትን የመሰሉ የማይለቁ ሕመሞች ያሉባቸው አረጋውያን እግራቸውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ቢሠሩ ምን ያህል ይሻላቸዋል የሚል ነው። ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ አገኘሁት። ጡንቻ የሚያጠና ሰው ደረተ ሰፊ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ይህ ግን ሸሚዙ ማንጠልጠያ ላይ የተሰቀለ የሚመስል ቀጭን ሰው ነው።

«ይቅርታ፣ ጉልበት ሲሉ የትኛውን ነው?»

ቀና አለ። «የትኛውን ማለት?»

«የሚታጠፈውን ነው ወይስ የሚያልቀውን?»

ቅጾቹን ተቀብሎ አንድ በአንድ አነበበ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ የስምንት ወር ልፋቱ ነበር። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። አምስተኛው ቅጽ ላይ «ማታ ማታ ቅባት እቀባዋለሁ» የሚለውን ሲያነብ ግን በሳቅ ፈነዳ። እኔም አልቻልኩም።

ሰዎቹን ሁሉ እንደገና በስልክ መጠየቅ ግድ ሆነ። ሦስት ሳምንት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን፤ እሱ ይደውላል፣ እኔ እጽፋለሁ። ስልኩ እስኪነሳ ያለችው ዝምታ መጀመሪያ ታሳፍረኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት «እርስዎ» መባባሉ ቀረ፤ እኔም ሰዎቹ ስልኩን ቶሎ ባያነሱ እያልኩ መመኘት ጀመርኩ።

ከነዚያ ዝምታዎች በአንዱ ስለ አባቴ ነገርኩት። አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። ስኳር ከያዘው አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እናቴ ከሞተች ወዲህ መስኮት ዳር ካለው ወንበሩ አይነሳም፤ አብራን የምትኖረው እህቱ ውኃውን፣ መድኃኒቱን፣ ጫማውን ሳይቀር ታቀርብለታለች።

«በቀን ስንቴ ይነሳሉ?»

«ሊተኛ ሲል።»

አልሳቀም። «ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር አብዛኛውን የሚወስደው ጡንቻ ነው። ጡንቻው ሲመነምን ስኳሩ ማደሪያ ያጣል። ሐኪማቸው ከፈቀዱ ልምጣ?»

ሐኪሙ ፈቀዱ። አክስቴ ግን በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«አንተ ልጅ፣ የታመመ ሰው ያርፋል እንጂ ስፖርት ይሠራል?»

«ብዙ ያረፈ ጡንቻ ሥራውን ይረሳል፣ እትዬ።»

አባዬ ከወንበሩ ሆኖ፣ «የቆመ መኪና ባትሪው ይሞታል ነው የምትለኝ?» አለው።

«ከኔ በተሻለ ገለጹት።»

«ታዲያ አንተን ማን አቁሞህ ነው እንዲህ የመነመንከው?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ስሙ «ጡንቻው» ሆነ።

ፈተናው ሲያዩት ቀላል ነው፤ እጅን ደረት ላይ አጣጥፎ፣ ምንም ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ። አባዬ አንዴም አልቻለም። ያን ሁሉ ሕዝብ ያመላለሰ ሰው ወደ ኋላ ዘፍ ሲል ላለማየት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጡንቻው እኔን ሲያይ አባዬ ነቃበት።

«ስማ፣ የመጣኸው ለኔ ጉልበት ነው ወይስ ለልጄ?»

የያዘው የሩጫ ሰዓት ከእጁ ወደቀ። አክስቴ «ኧረ ጋሼ!» አለች። እሱ ሰዓቱን አነሳ፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ «ለሁለቱም» አለ።

ጆሮዬ ጋለ።

«እንግዲያው እጄን ሳልደገፍ ከዚህ ወንበር አምስት ጊዜ የተነሳሁ ቀን ልጄን ጠይቀኝ። እስከዚያ አፍህን እንዳትከፍት!»

«እኔስ አልጠየቅም?» አልኩ።

«ያንቺማ መልስ ፊትሽ ላይ ተጽፏል፣ የኔ እናት።»

ጡንቻው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ጀመር። በመጀመሪያው ወር አባዬ የወንበሩን ክንድ እየያዘ ተነሳ። በሁለተኛው ሳይደገፍ አንድ፣ በሦስተኛው ሦስት። የስኳሩ ልኬት ወረደና ሐኪሙ ከመድኃኒቶቹ አንዱን ቀነሱለት። በአራተኛው ወር አራት ደረሰ።

በዚያው ሳምንት ለጡንቻው የዝውውር ደብዳቤ መጣ፤ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ወደሚያስኬድ ከተማ። መሄጃው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ወሬውን ለአባዬ የነገርኩት ራሴ ነኝ።

ከዚያ በኋላ አባዬ አራት ላይ ቆመ። አምስተኛው ላይ ግማሽ ድረስ ይነሳና «እምቢ አለኝ» ብሎ ይቀመጣል። አምስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ጡንቻው ጭኑን በሜትር ይለካል፣ ይጽፋል፣ ቀና ብሎ ያየኛል። አባዬ ከልክሎታልና አፉን አልከፈተም። እኔ ግን ቀኑን እቆጥር ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከሥራ ቀድሜ ተመለስኩ። በር ሳልደርስ በተከፈተው መስኮት የአክስቴ ድምፅ ተሰማኝ።

«ስምንት... ዘጠኝ... ጋሼ ደረትህን ቀና! አሥር!»

አባዬ እጁን አጣጥፎ እንደ ጎልማሳ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ሳያዩኝ ተመለስኩ። ተቋሙ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ንዴት ይሁን ደስታ እስክደርስ አልለየሁትም።

«አሥር ይሠራል!» አልኩት ለጡንቻው። «አባዬ አሥር ይሠራል!»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ። ጭናቸው ሁለት ሴንቲ ሜትር ጨምሯል። እንዲህ ያለ ጭን አራት ላይ አይቆምም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ቁጥር ሲሳሳት ማረም ሥራዬ ነው። እሳቸው ግን አልተሳሳቱም፤ ፈርተዋል። አንቺ ስትሄጂ በዚያ መስኮት ማንን እንደሚጠብቁ አስቢ።»

«ደብዳቤህስ? ሦስት ሳምንት ነው የቀረህ።»

«ሄጄም እጠብቃለሁ። ሰውን ጎትቶ ማስነሳት ማስነሳት አይደለም።»

ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን የያዘኝ። እጁ ቀጭን ነው፤ አያያዙ ግን ጠንካራ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ወንበር አምጥቼ ከአባዬ ወንበር አጠገብ አደረግኩና ተቀመጥኩ። እጆቼን አጣጠፍኩ።

«ምንድን ነው ደግሞ?»

«አብረን እንነሳ።»

ጡንቻው ሰዓቱን ተጫነ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። በአምስተኛው እኔ ቆምኩ፤ አባዬ ተቀምጦ ቀረ። ቁልቁል አየሁት። ፀጉሩ መሀሉ ላይ መሳሳቱን ያን ቀን ነው ያየሁት።

«አባዬ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። አንተ ራስህ አርባ ዓመት የነዳኸው መንገድ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይህ ወንበር የኔ ነው፤ ማንም እንዳይቀመጥበት።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። አክስቴ መቻል አቃታት።

«ጋሼ፣ ትናንት አሥራ ሁለት ስትል አልነበረም እንዴ?»

«አንቺ ከሃዲ!»

ሳቃችንን ሳንጨርስ እጁን አጣጠፈ፤ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይደገፍ ተነሳ። አልተቀመጠም። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ድምፁ ግን የሹፌር ድምፅ ነበር።

«በል ጠይቅ! ቆሜ ሳለሁ ጠይቅ፤ ከተቀመጥኩ ሐሳቤን እለውጣለሁ።»

ጡንቻው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ስድስት ወር ያዘጋጀው ንግግር የት እንደገባ እንጃ። የወንበሩን ጀርባ ያዘ።

«ጉልበቴ ከዳኝ» አለ።

«የትኛው?» አለ አባዬ። «ግራው ወይስ ቀኙ?»

ተጋብተን ከሄድንም በኋላ ቅዳሜዎቹን አላጎደልንም። አባዬ ሁለት የልጅ ልጆች እስኪያይ በገዛ እግሩ ሄደ፤ ኋላ ኋላ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ እየመጣ ይቀበለን ነበር።

ጡንቻው በሞት ከተለየኝ አራት ዓመት ሆነው። ስለዚያ አልጽፍም። ሁለቱ ወንበሮች እኔ ቤት ናቸው፤ አንዱ ላይ እየተነሳሁ እቀመጣለሁ፣ አንዱ ላይ የሩጫ ሰዓቱ ይቀመጣል። ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ትደውላለች።

«እማዬ፣ ዛሬ ስንት ሆነ?»

«አሥራ አንድ።»

«ጉልበትሽስ እንዴት ነው?»

«ግራው ትንሽ ያመኛል» እላታለሁ። «የሚያልቀው ግን ገና አለ።»