ፈቃዱ መደበኛ ነው

በአንድ ጠባብ ግቢ፣ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሦስት ሴቶች ይኖሩ ነበር። አሮጊቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን በር ላይ አቁማ የሰፈሩ ሰው ሲወፍር ሱሪውን ስታሰፋለት፣ ሲከሳ ስታጠብብለት ዕድሜዋን ጨርሳለች። ልጇ ከመንገዱ ማዶ ባለው ባለ ሦስት ፎቅ ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ናት። የልጅ ልጇ ደግሞ እዚያው ሁለተኛ ክፍል የምትማር፣ አፏም እግሯም የማያርፍ ቅብጥብጥ ናት። በቤቱ ወንድ የሚባል አልነበረም፤ የአሮጊቷን ባል ሞት፣ የልጇን ባል ደግሞ ሄዶ የቀረበት መንገድ ወስዶታል። እናም አሮጊቷ ለሁለቱ ስትሰጋ ትውላለች። ዘገዩ ብላ ትሰጋለች፤ ቶሎ ሲመጡ ደግሞ «ምን ሆናችሁ?» ትላለች።

የአሮጊቷን ልጅ ከሌሎቹ ጽዳቶች የሚለያት አንድ ነገር ነበር። ተማሪ ወጥቶ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ሌሎቹ ሰሌዳውን ጠረግ ጠረግ አድርገው ያልፋሉ። እሷ ግን መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ የተጻፈውን ከላይ እስከ ታች ሳታነብ አታጠፋም። የጠመኔው ብናኝ ፀጉሯን አመድ አስመስሎት ስትወጣ ያዩ ተማሪዎች «ዳስተር» አሏት፤ ስሟ ሆኖ ቀረ። ትንሿ አንድ ቀን በዚህ ተሰድባ እያለቀሰች ብትመጣ እናቷ ሳቀችባት። «ዳስተርማ ምን አለው? ሰሌዳ ላይ የሚጻፈውን ሁሉ የሚቀምስ እሱ አይደል እንዴ!»

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እኮ በጥሩ ውጤት ነበር የጨረሰችው! አባቷ በሞተ በወሩ ነው መጥረጊያ የጨበጠችው። ያ ጭንቅላት፣ ያ የእጅ ጽሑፍ... ባልዲ ሲያመላልስ ኖረ። ከግቢው ቧንቧ ውሃ እየቀዳች ሦስት ፎቅ መውጣቱ ልቧን ቀስ በቀስ ይበላው ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ትቆማለች፤ ከንፈሯ ይጠቁራል፤ ቤት ስትገባ እግሯ አብጦ ጫማው አልወልቅ ይላል። ሐኪሙም «ልብሽ ደክሟል። ባልዲ ተሸክመሽ ደረጃ መውጣቱን ካልተውሽ አይቆይልሽም» አላት።

«እንግዲያው ዶክተር፣ ደረጃ የሚያሳጥር ኪኒን ይዘዙልኝ» ብላ አሳቀችው። ቤት ስትገባ ግን ቁርጧን ተናገረች። «እማዬ፣ በርቀት ተምሬ አስተማሪ እሆናለሁ። የአንደኛ ክፍል ልጆች የሚማሩት ታች ነው፣ ደረጃ የለውም። ጠመኔ ደግሞ አይከብድም።»

አሮጊቷ ደስታዋን ስጋት ቀደመው። «ርቀት? አስተማሪው ሩቅ፣ ተማሪው ሩቅ... ወረቀቱስ እንደ ራቀ ቢቀር?» አለች። ሰው አላመነችም። መነጽሯን ይዛ ራሷ ኮሌጁ ድረስ ሄደች። ቢሮው ውስጥ ብዙ ሰው ለመመዝገብ ይጋፋል፤ ግድግዳው ላይ በመስታወት ፍሬም የተሰቀለውን ወረቀት ግን ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማረችው አሮጊት ቆማ አነበበችው። የእውቅና ፈቃድ ይላል። ማኅተም አለው፤ ፊርማ አለው። ከሥሩም «ለመደበኛ መርሐ ግብር» ይላል። ልቧ ረጋ። እየተጣደፈች ተመልሳ፣ ከበር ጀምራ ጮኸች፦ «ልጄ፣ ተመዝገቢ! ፈቃዱ መደበኛ ነው፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

ዳስተር አራት ዓመት ተማረች። ሞጁሎቹ እየተገነጠሉ ሲያስቸግሩ አሮጊቷ ጀርባቸውን በወፍራም ክር ትሰፋቸዋለች። ልጅቷ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ለትንፋሽ ስትቆም ከሽርጧ ኪስ ሞጁል አውጥታ ታነባለች፤ ትንሿ በእረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ «እሺ ተማሪ፣ መልሺ!» እያለች ትጠይቃታለች። ተመረቀች! በጥቁር ካባ የተነሣችው ፎቶ ከስፌት መኪናው በላይ ተሰቀለ፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ፎቶውን ሳያደንቅ ልኬት አይወሰድለትም። ርእሰ መምህሩም «አንደኛ ክፍል ቦታ አለኝ። ማስረጃሽን ኮሌጆችን የሚቆጣጠረው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ያረጋግጥልኝና ጠመኔውን እሰጥሻለሁ» አላት።

ምላሹ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። «ኮሌጁ በተጠቀሰው ጊዜ በርቀት መርሐ ግብር ለማስተማር የእውቅና ፈቃድ ያልነበረው በመሆኑ ማስረጃው ተቀባይነት የለውም።» አራት ዓመት... በአንድ መስመር! ወደ ኮሌጁ ሮጡ። በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ብቻ ጠበቃቸው።

አሮጊቷ አልተኛችም፣ አልበላችም። በማግሥቱ ጠዋት ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተገኘች። መስኮት ሦስት ላይ የተቀመጠችው ባለሙያ ፊት ወረቀቱን ዘረጋችው።

«እኔ ራሴ አይቻለሁ እኮ ልጄ! ፈቃዱ መደበኛ ነው ይላል!»

ባለሙያዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «እማማ... መደበኛ ማለት እኮ በየቀኑ ክፍል ገብቶ ለሚማር ተማሪ ማለት ነው። ያ ፈቃድ ለእነሱ ብቻ ነበር። ርቀት የራሱ ፈቃድ አለው፤ እነሱ አልነበራቸውም።»

አሮጊቷ በምታውቀው ቋንቋ መደበኛ ማለት ትክክለኛ፣ ደንበኛ ማለት ነበር! ስንት ሺሕ ቃል ባለበት አገር፣ ልጇን የሚጥል አንድ ቃል ፈልጋ ያመጣችው እሷ ራሷ ሆነች? ሐፍረቷ ቁጣ ሆኖ ወጣ።

«ታዲያ ያኔ የት ነበራችሁ? አራት ዓመት ሲያስተምሩ ዝም ብላችሁ፣ አሁን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

«እውነትዎን ነው፤ ዘግይተናል» አለች ባለሙያዋ አንገቷን ደፍታ። «ግን ዛሬም ዝም ብንል ጅቡ ነገ የሌላዋን ልጅ ይበላል። ያወቀችውን ማንም አይወስድባትም፣ እናቴ። ርቀት የተፈቀደለት ኮሌጅ ትመዝገብ። የተማረችውን በፈተና ካሳየች ከአንድ ዓመት በላይ አይፈጅባትም።»

አንድ ዓመት! ለጤነኛ ሰው አንድ ዓመት ምንድን ነው? ለዚያች ልብ ግን ባልዲ በባልዲ የሚቆጠር ዕድሜ ነበር። ከበሩ ውጭ አንድ ጉዳይ ገዳይ ተከተላት፦ «እናት፣ እኔ ጋ በሦስት ቀን ያልቃል። ማኅተሙ ከእውነተኛው ይበልጥ ያምራል!» እግዚአብሔር ይቅር ይበላትና አሮጊቷ ስልክ ቁጥሩን በወረቀት ተቀበለች። ልጅ ያላት እናት ምን የማታደርገው አለ?

ቤት ገብታ ሁሉንም አፈረጠችው፤ ጉዳይ ገዳዩንም፣ ያችን ቃልም። «የገደልኩሽ እኔ ነኝ!» ብላ ደረቷን መታች። ልጅቷ የእናቷን እጅ ያዘች።

«እማዬ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲጋፋ ቆመሽ ያነበብሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ያነበብሽውም እውነት ነው፤ የዋሹት እነሱ ናቸው።» ከዚያ የጉዳይ ገዳዩ ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ብጭቅጭቅ አደረገችው። «ልጆቹ ፊት ቆሜ ‹አትኮራረጁ› የምለው በየትኛው አፌ ነው? እንደገና እማራለሁ!»

አሮጊቷ አለቀሰች። ግን እንባው የሐዘን ብቻ አልነበረም። ልጇ ያን ቀን ከሦስቱም ፎቅ በላይ ከፍ ብላ ታየቻት።

ዳግመኛ ባልዲ፣ ዳግመኛ ሞጁል። በዚያ ዓመት ፊቷ እየገረጣ ሄደ፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ብቻ ሳይሆን በየአምስት ደረጃው ቆመች። አንድም ፈተና ግን አልወደቀችም! የማረጋገጫው ደብዳቤ ሲመጣ አሮጊቷ መነጽሯን ጠርጋ፣ ጣቷን እያስኬደች ፊደል በፊደል አነበበችው። «ርቀት ይላል! ልጄ፣ ርቀት ይላል!»

ቀሚሱን ራሷ ሰፋችላት፤ የጠመኔ ኪስ ያለው ሰማያዊ ቀሚስ። ዳስተር ያለ ባልዲ ወደዚያ ትምህርት ቤት ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። ትንሿ በመስኮቱ ብቅ ብላ «እማዬ!» ብትላት፣ «እዚህ ቲቸር ነው የምባለው። ወደ ክፍልሽ!» አለቻት። ትንሿም እየሳቀች ሮጣ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ አወጀች።

አሥራ አንድ ቀን አስተማረች። በአሥራ ሁለተኛው ጠዋት ሰሌዳው ላይ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ ጻፈች... ሰባተኛው ፊደል ላይ እጇ ቆመ። ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ልጆቹ የምታሾፍ መስሏቸው ሳቁ።

አሮጊቷ ሆስፒታል ደርሳ ስትጎነበስባት የልጇ ጣቶች ገና ጠመኔ እንደ ነካቸው ነበሩ።

«እማዬ... አሁን መደበኛ ነኝ አይደል?»

«መደበኛ ነሽ፣ ልጄ! ደንበኛ መምህር!»

ፈገግ አለች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

ከቀብሩ በኋላ አሮጊቷ የልጅ ልጇን ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። አዲሷ ጽዳት ሰሌዳውን አልነካችውም፤ ስድስቱ ፊደላት እንዳሉ ነበሩ። አሮጊቷ ጠመኔ አነሣች። በልብስ ሰፊ ጥንቃቄ ልክ እንደ መጨረሻ ስፌት «ሆ»ን ጻፈች። «የልጄ ሥራ ጎዶሎ አይቀርም» አለች። የአንደኛ ክፍል ልጆች ሳይታዘዙ ተነሥተው አነበቡት፤ ከሁሉ የጮኸው የትንሿ ድምፅ ነበር።

ወይ ዕድል! ለአንዱ በር ከፍቶ ዕድሜ ይነሣዋል፤ ለሌላው ዕድሜ ሰጥቶ በር ይዘጋል። ማን ይጠይቀዋል? ዳስተር የሌላውን ሁሉ ጽሑፍ ያጠፋል። ያቺ ዳስተር የጻፈችውን ግን ሃያ ስምንት ልጆች በየደብተራቸው ይዘውት ወደየቤታቸው ሄደዋል።